ቁጥሩ ወረደ፤ ልጁ ግን አልተነሣም

ሎሬንዞ ኦዶኔ ገና በአምስት ዓመቱ ሦስት ቋንቋ ይናገር ነበር፤ እንግሊዝኛ፣ ጣልያንኛና ፈረንሳይኛ። አባቱ አውጉስቶ ጣልያናዊ ናቸው፤ በዓለም ባንክ የሚሠሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነበሩ። እናቱ ሚካኤላ አሜሪካዊት ናቸው። ቤተሰቡ በአባትየው ሥራ ምክንያት ኮሞሮስ ደሴቶች ላይ ኖሮ ወደ አሜሪካ ተመልሷል፤ የሚኖሩት ዋሽንግተን አጠገብ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ልጁ ተለወጠ። ትምህርት ቤት ውስጥ ይረብሻል፤ ያለ ምክንያት ይቆጣል። ሲጠሩት የማይሰማ ይመስላል። እየተራመደ ይወድቃል። በኤፕሪል 1984፣ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የበሽታው ስም ታወቀ። አድሬኖሉኮዲስትሮፊ ይባላል፤ በአጭሩ ኤኤልዲ። ሐኪሞቹ ለወላጆቹ የነገሯቸው ሁለት ዓመት ገደማ እንደሚቀረው ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ስለ ሕመማቸው ራሳቸው መርምረው ስለተሳሳቱ ሰዎች ሲወራ ሁሌም የሚነሡት የተታለሉት ናቸው። አንድ ቪዲዮ አይተው መድኃኒታቸውን የጣሉት፣ የሰፈር ወሬ ሰምተው ቅጠል የቀቀሉት። እነሱን ማረም ቀላል ነው። ኦዶኔዎች ግን አልተታለሉም። አነበቡ፣ ጠየቁ፣ ገባቸው። ይባስ ብሎ፣ ስለ ኬሚስትሪው ያሉት ትክክል ነበር። እንዲያም ሆኖ ልጃቸው አልዳነም። ታዲያ የጎደለው ምን ነበር? እኔን ለረጅም ጊዜ ያሳሰበኝ ይህ ነው።

በሽታው

ነርቮቻችንን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አስቧቸው። ሽቦው ላይ ፕላስቲክ እንደሚለበጥ ሁሉ ነርቭም ሽፋን አለው፤ ማየሊን ይባላል። ሽፋኑ ሲላጥ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። የኤኤልዲ ሕመምተኛ አንጎል ውስጥ የሚላጠው ይህ ሽፋን ነው። መጀመሪያ ጠባይ ይለወጣል። ቀጥሎ መስማት፣ ማየት፣ መናገር፣ መራመድ፣ በመጨረሻም መዋጥ ይጠፋል። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል የሚባሉት ዕጢዎችም ይጎዳሉ።

መንስኤው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ የዘር ችግር ነው። እናት ትሸከመዋለች፣ ወንዱ ልጅ ክፉኛ ይታመማል። ተሸካሚ እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ግማሽ በግማሽ ዕድል ይገጥመዋል። ሚካኤላም ይህን ነው የሰሙት። የምትወጂውን ልጅሽን ያሳመመው ካንቺ የወረሰው ነው ሲባል ምን እንደሚሰማ ለወላጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ያኔ ሳይንሱ የሚያውቀው ትንሽ ነበር፤ ግን ዜሮ አልነበረም። በ1976 ተመራማሪዎች በእነዚህ ልጆች አካል ውስጥ በጣም ረጅም ሰንሰለት ያላቸው የቅባት አሲዶች እንደሚከማቹ አገኙ። ዋናው 26 የካርቦን አተሞች ያሉት ነው። በ1981 ደግሞ ባልቲሞር የሚሠሩት ዶክተር ሁጎ ሞዘርና ባልደረቦቻቸው ይህን ቅባት ከደም የሚለካ ምርመራ አወጡ። ስለዚህ በሽታው ቁጥር ነበረው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው፤ ዝቅ ቢልስ?

በመጀመሪያ የተሞከረው ረጃጅሞቹን ቅባቶች ከምግብ መቀነስ ነበር። አልሠራም። ሰውነት ራሱ ያመርታቸዋላ።

ቤተ መጻሕፍቱ

አውጉስቶ ሐኪም አይደሉም። ኬሚስትሪም አልተማሩም። ሚካኤላም እንዲሁ። ግን በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ቤተ መጻሕፍት ገብተው ማንበብ ጀመሩ። ያኔ ጉግል የለም። የጥናት መጽሔቶቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ አንዱን ስታነብ ሌላውን ይጠቁምሃል፣ ተነሥተህ ትፈልጋለህ።

ንባብ ብቻ አልነበረም። በዚያው በ1984 በዚህ በሽታ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎችን አንድ አዳራሽ የሰበሰበ ጉባኤ እንዲካሄድ አደረጉ። ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሠሩት ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል። ለየብቻቸው ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ወላጆቹም ጥያቄያቸውን ለሚያውቀው ሰው አቀረቡ።

የቨርጂኒያው ተመራማሪ ዊልያም ሪዞ አንድ ነገር አይተው ነበር። ከሕሙማን የተወሰዱ ሴሎች በላቦራቶሪ ሲያድጉ ኦሊይክ አሲድ ቢጨመርላቸው የረጃጅሙ ቅባት መጠን ይቀንሳል። ኦሊይክ አሲድ የወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት ያለው ቅባት ነው። ለምን ይቀንሳል?

አንድ ሸማኔ አለ እንበል። ነጠላም ጋቢም የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። የነጠላ ትእዛዝ ብታጎርፉበት ጋቢ የሚሠራበት ጊዜ ያጣል። ሰውነት ውስጥም ቅባቶችን እየቀጠለ የሚያስረዝም ኢንዛይም አለ። ጉዳት በሌለው ቅባት ቢጠመድ ጎጂውን ለማምረት እጁ አይፈታም። ኦዶኔዎች የገባቸው ይህ ነው። ከዓመታት በኋላ፣ በ2010፣ ተመራማሪዎች ያ ኢንዛይም የትኛው እንደሆነ ለይተው አወቁ። በ2014 ደግሞ የወላጆቹ ዘይት በእርግጥ እሱን እንደሚገታ ታየ። አንድ የባንክ ባለሙያና ባለቤታቸው በትክክል ገምተው ነበር ማለት ነው።

ኦሊይክ አሲዱ ቁጥሩን ቀነሰ፤ ግን ወደ ጤነኛ ሰው ደረጃ አላወረደውም። ሌላ ተጨማሪ ቅባት ያስፈልግ ነበር፦ ኢሩሲክ አሲድ።

ይህን ቅባት እኛ ሳናውቀው እናውቀዋለን። ምጣድ የምናሰስበት ጎመን ዘር ዘይቱ በኢሩሲክ አሲድ የበለጸገ ነው። አይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ልብ ላይ ስብ ስላከማቸ ብዙ አገሮች ለምግብ በሚውል ዘይት ውስጥ እንዲቀንስ አድርገዋል። ስለዚህ ንጹሕ አድርጎ የሚያዘጋጅላቸው ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። በመጨረሻ ዶን ሱዳቢ የሚባሉ ለጡረታ የተቃረቡ እንግሊዛዊ ኬሚስት፣ ሃል ከተማ ውስጥ፣ ለወራት ሲያጣሩ ቆይተው አዘጋጁት። ቅይጡ አራት እጅ ከኦሊይክ፣ አንድ እጅ ከኢሩሲክ የተሠራ ነው። (እዚህ ላይ ልለምናችሁ፦ ቤት ያለው የጎመን ዘር ዘይት ይህ አይደለም። ያኛው የተጣራና በሐኪም ክትትል፣ ደም እየተለካ የሚወሰድ ነው።)

መጀመሪያ የቀመሰችው የሚካኤላ እህት ናት፤ እሷም ተሸካሚ ነበረች። ከዚያ ሎሬንዞ ወሰደ። ጊዜው 1987 ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በደም ውስጥ ያለው የረጃጅሙ ቅባት መጠን ወደ ጤነኛ ሰው ደረጃ ወረደ።

እስቲ በዚያ ቅጽበት ራሳችሁን በወላጆቹ ቦታ አስቀምጡ። ሐኪሞች ምንም አይደረግም ብለዋችኋል። እናንተ አነበባችሁ፣ አሰባችሁ፣ ዘይቱን አስጣራችሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ወረደ። እኔ ብሆን አልቅሼ ጎረቤት እጠራ ነበር።

ከቁጥሩ ወዲያ

ሎሬንዞ ግን አልተነሣም። ዘይቱ በተገኘ ጊዜ መናገር፣ መራመድና ማየት አጥቶ ነበር። የተላጠው ሽፋን መልሶ አልበቀለም። ወላጆቹ ከልጁ ጋር የሚግባቡት በዓይኑ ሽፋሽፍትና በጣቶቹ እንቅስቃሴ ነበር።

ያኔ ሁሉም ሰው አንድ አሳማኝ መልስ ነበረው፤ «ዘገየን እንጂ ዘይቱ ይሠራል። ሳይታመሙ ቢጀምሩት ይድናሉ።» በ1992 ታሪካቸው በሆሊውድ ፊልም ሆኖ ዓለም ተመለከተው። ከዚያ በኋላ ዘይቱን የማይጠይቅ የኤኤልዲ ቤተሰብ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም።

በ1993 ከፈረንሳይ አንድ ጥናት ወጣ። ሃያ አራት ሰዎች ዘይቱን ወስደው ተከታተሏቸው። 14ቱ በጉልምስና የሚመጣው የበሽታው ዓይነት ያለባቸው ወንዶች፣ 5ቱ ምልክት የታየባቸው ተሸካሚ ሴቶች፣ 5ቱ ደግሞ ገና ምልክት ያልታየባቸው ልጆች ናቸው። ቁጥሩ ወረደ። ሕመማቸው ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየም። በዚያ ላይ በስድስቱ ደም ውስጥ ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌቶች አነሱ።

ምክንያቱ ቀስ እያለ ተገለጠ። ከሞቱ ሕሙማን አንጎል የተወሰደ ናሙና ሲመረመር ኢሩሲክ አሲዱ ወደ አንጎል የገባው እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ተገኘ። ዘይቱ ያጸዳው ደሙን ነው፤ እሳቱ ያለው ግን አንጎል ውስጥ ነው።

ከዚህ የበለጠ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቤት ያሉ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዓይነት የዘር ስሕተት ወርሰው፣ አንዱ በሰባት ዓመቱ አንጎሉ ሲነድ ሌላው እስከ ጉልምስናው ደኅና ሊሆን ይችላል። የደማቸው ቁጥር አይለያቸውም። ሁለቱም ከፍ ያለ ነው። ቁጥሩ በሽታው እንዳለ ይናገራል፤ ማን በልጅነቱ እንደሚጠቃ ግን አይናገርም። ኦዶኔዎች ያወረዱት ይህን ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስኩ። የዘር ስሕተቱ ካለባቸው ወንዶች መካከል በልጅነት አንጎላቸው የሚጠቃው ከ35 እስከ 40 በመቶ ያህሉ ናቸው። አሥር ልጆች እንውሰድ። ምንም ሳይደረግላቸው ስድስት ያህሉ ልጅነታቸውን አንጎላቸው ሳይነካ ያልፋሉ። ለእነዚሁ አሥር ልጆች ምንም የማይሠራ ዘይት ብንሰጣቸው ምን ይሆናል? ስድስት እናቶች ዘይቱን በየቀኑ በማንኪያ ሰጥተው ልጃቸው ሲያድግ ያያሉ። ስድስት እናቶች «ልጄን ያዳነው ዘይቱ ነው» ብለው ይመሰክራሉ።

ምስክርነታቸው ውሸት አይደለም። ዘይቱን ሰጥተዋል፤ ልጁም ጤነኛ ነው። አንድ ነገር ግን ከቤታቸው ሆነው ማየት አይችሉም፤ ዘይቱን ባይሰጡት ኖሮ ልጁ ምን ይሆን እንደነበር። ይህን የሚያሳየው የሌሎች ብዙ ልጆች ታሪክ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብቻ ነው። ሐዘን የገባባቸው አራት እናቶች ደግሞ ወጥተው አይመሰክሩም። ወሬው ሁሉ ከስድስቱ ይመጣል። ዘመድ «እከሌን ያዳነውን ነገር ልኬልሃለሁ» ሲለኝ ሁሌም እነዚያ አራቱ ትዝ ይሉኛል።

የሰማንያ ዘጠኙ ልጆች ጥናት

ዶክተር ሞዘር ዘይቱን ገፍተው አልጣሉትም። ለዓመታት መረመሩት። በ2005 ያወጡት ጥናት 89 ልጆችን ይዟል፤ ሁሉም ሲጀምሩ ምልክት ያልታየባቸው፣ ኤምአርአይ በሚባለው መሣሪያ የተነሣው የአንጎል ምስላቸውም ንጹሕ የነበረ ነው። በአማካይ ወደ ሰባት ዓመት ተከታተሏቸው። በ24 በመቶው ኤምአርአይ ላይ ለውጥ ታየ፤ 11 በመቶው ደግሞ የነርቭ ምልክትም ጭምር አሳዩ። ቅባቱ ይበልጥ የወረደላቸው ልጆች የተሻለ ሆኑ።

24 ከ35 ያንሳል። ታዲያ ዘይቱ ሠራ አይደል?

አላውቅም ማለት ይቀለኛል፤ ሳይንቲስቶችም ሲከራከሩበት ኖረዋል። ጥናቱ ዘይት ያልወሰደ የማነጻጸሪያ ቡድን የለውም። ልጆቹ በተለያየ ዕድሜ ነው የጀመሩት፤ ገና አደገኛው ጊዜ ያልደረሰባቸውም፣ ያለፋቸውም ሊኖሩበት ይችላሉ። «ቅባቱ የወረደላቸው ተሻሉ» የሚለውም ሁለት መንገድ አለው። ዘይቱን በትጋት የወሰደው ልጅ ስለወሰደ ጤነኛ ሆነ? ወይስ ጤነኛ ስለሆነ፣ መዋጥ ስላላቃተው፣ ዘይቱን በትጋት መውሰድ ቻለ? ወይስ የዚያ ልጅ ቤተሰብ በሁሉም ነገር የሚጠነቀቅ ነበር?

ይህን መለየት የሚቻለው ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ ዘይቱን፣ ለግማሹ ተመሳሳይ የሚመስል ባዶ ዘይት በመስጠት ነው። ለወላጅ ይህን ንገሩት እስቲ። ልጅህ ምናልባት ባዶውን ሊያገኝ ይችላል በሉት። ፊልሙን ያየ አባት እሺ ይላል? እኔ እንጃ። ተስፋው በዝቶ ከመታወቁ በፊት ቢሆን ኖሮ ጥያቄው በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልስ ሊያገኝ ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ። ሰው ቀድሞ ካመነ በኋላ መመርመር እጅግ ይከብዳል። ይህ በወላጆቹ ላይ የምሰነዝረው ወቀሳ አይደለም። እነሱ የሮጡት ልጃቸው ሳያልቅባቸው ነው።

ሞዘር ራሳቸው የደረሱበት ቃል የተመጠነ ነበር። ዘይቱ አንዴ የታመመን ልጅ አይፈውስም፤ ምልክት ላልታየበት ልጅ ግን ሊከላከል ይችል ይሆናል። «ሊከላከል ይችል ይሆናል» እና «ያድናል» መካከል ያለው ርቀት የብዙ ቤተሰብ ገንዘብና ዓመታት ነው።

የሠራው ነገር ሌላ ቦታ ነበር

ወላጆቹ ዘይቱን ሲፈልጉ በነበረበት ዘመን ሌላ መንገድ እየተከፈተ ነበር። በ1990 ከፈረንሳይ አንድ ልጅ በአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ በሽታው እንደቆመለት ተዘገበ። ሕክምናው ከባድ ነው፤ የሚገድልበትም ጊዜ አለ። ደግሞም የሚጠቅመው በጊዜ ሲደረግ ነው፤ ኤምአርአይ ላይ ትንሽ ነጥብ እንደታየ፣ ልጁ ገና ሮጦ ሲጫወት። ምልክቱ ከገፋ አይሆንም። ጊዜው ጠባብ ነው። ደም እየተለካ «ቁጥሩ ደህና ነው» በሚባልበት ወራት ያ ጊዜ ሊያመልጥ ይችላል።

በ2009 ደግሞ ከኤችአይቪ በተሠራ፣ በሽታ በማያመጣ ተሸካሚ ቫይረስ ትክክለኛው ዘር ወደ ሁለት ልጆች የመቅኔ ሴሎች ገባ፤ በሽታውም ቆመ። ይህ የዘር ሕክምና በ2022 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በጥናቱ ከታከሙት 67 ልጆች 7ቱ የደም ካንሰር እንደያዛቸው ታተመ። ይህንንም ሆነ ብዬ ነው የምጠቅሰው። በላቦራቶሪ የተሠራው፣ በባለሙያ የተመረመረው ሕክምናም አደጋውን ያሳየው ልጆቹ አንድ በአንድ ተቆጥረው ለዓመታት ስለተከታተሏቸው ነው። ሰባቱ ቤታቸው ውስጥ ተደብቀው ቢቀሩ ኖሮ ስድሳዎቹ ብቻ ይወራላቸው ነበር።

ሎሬንዞ

ሁለት ዓመት የተባለለት ልጅ ሃያ አራት ዓመት ኖረ። በቤቱ፣ ሌት ተቀን በሚንከባከቡት ሰዎች መካከል። ከኮሞሮስ የመጣ የልጅነት ወዳጁም ከአስታማሚዎቹ አንዱ ነበር። በሜይ 30 ቀን 2008፣ ሠላሳ ዓመት በሞላው ማግስት፣ በሳንባ ምች ሞተ። እናቱ ቀድመውት በ2000 በሳንባ ካንሰር አርፈዋል።

አውጉስቶ ልጃቸውን ያቆየላቸው ዘይቱ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ያምኑ ነበር። ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ልጆች በሽታው ያለ ምንም ሕክምና በራሱ ጊዜ እንደሚቆምም ይታወቃል። አክታው የሚጠረግለት፣ በየሰዓቱ የሚገላበጥ፣ ምግቡ በጥንቃቄ የሚሰጠው ልጅ ደግሞ እንደዚያ ካልተደረገለት የበለጠ ይኖራል። ዘይቱ ነው? በሽታው በራሱ ቆሞ ነው? ወይስ የእናቱ እጅ? ሎሬንዞ አንድ ነበር፤ ሌላ ሎሬንዞ ስለሌለ መለየት አይቻልም።

ሐኪም ያልሆኑት እኚህ አባት ከስኮትላንዱ ስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተሰጥቷቸዋል። ይገባቸዋልም። ተመራማሪዎችን አሰባስበዋል፣ የተላጠውን ሽፋን መልሶ ስለማብቀል የሚሠራ የምርምር ድርጅት አቋቁመዋል፣ ማንም የማያውቀውን በሽታ ዓለም እንዲያውቀው አድርገዋል። ከልጃቸው ሞት በኋላ ወደ ጣልያን ተመለሱ፤ እዚያው በኦክቶበር 2013 አረፉ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር መጨረሻ የኒው ዮርክ ግዛት የሚወለደውን ሕፃን ሁሉ ለኤኤልዲ መመርመር ጀመረ። ከሕፃኑ ተረከዝ አንድ ጠብታ ደም ትወሰዳለች። የሚለካው ያው ባለ 26 ካርቦኑ ቅባት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ለማውረድ የሚጣደፍ የለም። ወንድ ልጅ ከሆነ ስሙ ይመዘገባል፣ ዕጢዎቹ ይመረመራሉ፤ አደገኛው ዕድሜ ሲደርስ ደግሞ በየጊዜው ኤምአርአይ ይነሣል። ነጥቧ ብቅ ካለች መቅኔ የሚሰጠው ሰው ፍለጋ በዚያው ሰሞን ይጀመራል፤ ልጁ ገና እየሮጠ ሳለ።